«አንድም» ማለት የማያውቅ ስልክ

መቸም በዚህ ከተማ ግጥም ይጽፋል ተብሎ ስሙ የተነሣ ሰው ሦስት ነገር አያጣም፤ ለሠርግ ካርድ ስንኝ የሚጠይቀው፣ ለሙት ዓመት መታሰቢያ ጽሑፍ የሚያስጽፈው፣ እንዲሁም «ለአንድ ፕሮጀክት ትንሽ ቃላት ብትወረውርልን» የሚለው። እኔም ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ቤት የሚመታ ቃል ፍለጋ የማመሽ ሰው ነኝና ሦስቱንም አይቻለሁ። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይልቅ እንቅልፍ ነሣኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቆየ ወዳጄ፣ የኮምፒዩተር ሰው፣ ስሙን በማልጠራው ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ድርጅቱ በፒያሳ ዙሪያ የእግር ጉብኝት እያሰናዳ ነበር። ጎብኚው ስልኩን ወደ መንገዱ ያነሣል፤ በስልኩ መስተዋት ላይ ዛሬ ያለው ባዶ ቦታ ይጠፋና ትናንት የነበረው ቤት ከነበረንዳው፣ ከነእንጨት ደረጃው፣ ከነጣራው ቆሞ ይታያል። ባለሙያዎቹ «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» ይሉታል፤ እኔ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ተደራቢ እውነታ» ልበለው። ከእኔ የሚፈለገው በየማረፊያው የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ነበር፤ «ስሜት የሚነካ፣ ከስድሳ ቃል ያልበለጠ»። ተስማማሁ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

የሙከራው ቀን እሑድ ረፋድ ላይ ነበር። ከዐፄ ምኒልክ ሐውልት ተነሥተን ወደ ፒያሳ ወረድን። በ2016 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት ከፈረሰው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ዳር ስንደርስ ወዳጄ ስልኩን ሰጠኝ። አነሣሁት። ቤቱ መጣ። መጣ ብቻ አይደለም፤ ተንሳፈፈ! መሠረቱ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ መንገዱ መሐል ቆመ፤ አንድ ሚኒባስ በሳሎኑ ውስጥ ሰንጥቆ አለፈ። ወዳጄ አፈር ብሎ አስረዳኝ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ስፍራ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል፤ ሕንጻ በበዛበት ምልክቱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ከዚያም በላይ ይስታል፤ ኮምፓሱን ደግሞ በአጠገቡ ያለ ብረት ያሳስተዋል። እኛ የቆምነው ከብረት አጥር ሥር ነበር።

በዚህ ስሕተት አልስቅም። ይህ የሚታረም ነው፤ ነገ ይታረማል። ያልሳቅሁበት ሌላው ነው።

ከጊዮርጊስ ቅዳሴ የወጡ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ አጠገባችን ቆሙና «ልጆቼ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ምን ታነሣላችሁ?» አሉ። የሰፈሩ ሰው እንደነበሩ ነገሩን፤ ዛሬ የሚኖሩት በከተማዋ ዳርቻ ነው፤ ለቅዳሴ ግን ሁለት ታክሲ ይዘው ወደ ጥንት ደብራቸው ይመጣሉ። ስልኩን አሳየኋቸው። ጥቂት አዩት።

«ቤቱስ ደኅና ነው» አሉ፤ «እንዲያውም ቀለም ተቀብቷል። ሰዉን ግን የት አደረጋችሁት?»

ወዳጄ «ሰዎቹን በሚቀጥለው እትም እንጨምራለን፣ እናቴ» አላቸው። አልመለሱለትም። ስልኩን መለሱልኝና በእጃቸው ያሳዩኝ ጀመር። «እዚህ ጋ ቦኖ ነበር፤ ወረፋው እስከዚያ ጥግ ይደርሳል። እዚያ ማዶ ጡሩንባ ነፊው ይቆማል፤ ሌሊት ድምፁን ስንሰማ ‹ማን ይሆን?› ብለን ቤታችንን እንቆጥራለን። እዚህ ገላጣው ላይ የዕድራችን ድንኳን ይተከላል፤ የልጆቼን አባት የሸኘሁት ከዚህ ነው።» ስልኩን ወደዚያ ገላጣ መልሼ አየሁ። ንጹሕ፣ ባዶ ግቢ ነበር። መሣሪያው እንደሚያየው በዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም። ለእኚህ እናት ግን ከሰፈሩ ሁሉ የሞላው ቦታ እርሱ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ክሴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በጥንት ስፍራዎች ላይ የሚነደፉት እነዚህ የተደራቢ እውነታ የእግር ጉብኝቶች፣ ዛሬ በተያዘው አነዳደፍ፣ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነው ይናገራሉ፤ ከብዙ ዘመን አንዱን ብቻ መርጠው ሌላውን ይቀብራሉ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ላፍራሽ ማመካኛ ይሆናሉ። ሦስቱን በየተራ ላስረዳ።

አስቀድሜ ግን መሣሪያውን የምጠላ እንዳይመስልባችሁ። ነገሩም ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተር በጀርባ አሳዝለው፣ ማሳያ በራስ ላይ አስረው፣ ሰውን በግቢያቸው ውስጥ አዘዋወሩት፤ የሕንጻዎቹ ስም በየሕንጻው ላይ ተንሳፎ ይነበብ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ግቢ በ1968 የተነሣውን የተማሪዎች ዐመፅ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ ላይ ቆሞ ለማየትና ለመስማት የሚያስችል ዘገባ ሠሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ወደዚያ ከመምጣቱ በፊት በቦታው የነበረውን የአእምሮ ሕሙማን መጠለያም አሳዩበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በግሪክ ኦሊምፒያ ጎብኚዎች እንዲሁ መሣሪያ ታጥቀው የፈረሰውን የሄራ ቤተ መቅደስ ቆሞ አዩት። በ2010 የለንደን ሙዚየም የቆዩ ፎቶግራፎችን በዛሬው ጎዳና ላይ የሚደርብ የስልክ ፕሮግራም አወጣ። ከ2017 ወዲህ አፕልና ጉግል ይህን ችሎታ በተራው ሰው ስልክ ውስጥ ስላስገቡት እነሆ የጀርባው ሸክም ቀርቶ ነገሩ ከኪሳችን ገባ።

የለንደኑን ልብ በሉት። ፎቶግራፍ ይናዘዛል። ጠርዝ አለው፤ ያነሣው ሰው የቆመበት ቦታ አለው፤ የተነሣበት ቀን አለው፤ ከጠርዙ ውጭ ያለውን «አላየሁም» ይላል። በኮምፒዩተር ተቀርጾ የቆመ ቤት ግን አይናዘዝም። ዞራችሁ ጀርባውን ብታዩት ጀርባም አለው፤ ጀርባውን ያየ ምስክር ይኑር አይኑር ምስሉ አይነግራችሁም። ነዳፊው ከፊት ያለውን ከፎቶግራፍ ወሰደው፤ የኋላውን ከገዛ አሳቡ ሞላው። ሁለቱም በአንድ ቀለም፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ድፍረት ቆመዋል።

አንደኛው ክሴ ይህ ነው፤ ምሳሌውን ከአክሱም ላምጣ። ከሐውልቶቹ ሁሉ ትልቁ፣ 33 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወድቆና ተሰባብሮ ተኝቷል። ለነዳፊ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም፤ በአንዲት ጣት ንክኪ አቁሞ ማሳየት! ሕፃናት ያጨበጭባሉ፤ ጎብኚ ይደነቃል። ነገር ግን ብዙ አጥኚዎች እንደሚሉት ያ ሐውልት በሚቆምበት ጊዜ ወይም እንደቆመ ብዙም ሳይቆይ ሳይወድቅ አልቀረም። እንግዲያስ በስልኩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ሐውልት ምናልባት የሰው ዓይን ረግቶ አይቶት የማያውቅ ነገር ነው። «ታሪክን መለስን» ያሉን ሰዎች ከታሪክ ያልነበረውን ፈጠሩልን። የወደቀው ድንጋይ ግን እንደወደቀ ይናገራል፤ ያ መንግሥት ምን ያህል እንደተመኘ፣ ምኞቱም ከእጁ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ውድቀቱ ራሱ ታሪክ ነው። ጎረቤቱን ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያኖች ወደ ሮም የወሰዱት ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ቆሟል። እርሱን ያቆመው የረዥም ዘመን ሙግት ነው፤ ዛሬ የሚጥለው ጥላም የድንጋይ ጥላ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከቅርብ። ስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ የሚነደፍን አንድ ማረፊያ አስቡ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ፋሽስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝብ ፈጁ። ስንት ሰው? ኢትዮጵያ ያቀረበችው ቁጥር ሠላሳ ሺህ ነው። ኋላ በስፋት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምታል። ስድሳ ቃል የተፈቀደለት ማረፊያ ምን ያደርጋል? አንዱን ቁጥር መርጦ በትልልቅ አኃዝ አየር ላይ ይሰቅላል። ሁለቱን ቢያኖር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ሺህ ሰዎች ልዩነት መሆኑን ጎብኚው ቆሞ ባሰበ ነበር። ያ አሳብ ከየትኛውም ተንቀሳቃሽ ምስል ይበልጥ ያስለቅሳል።

የሚያሳዝነው እኛ ለዚህ ችግር የራሳችን ጥበብ ያለን ሕዝብ መሆናችን ነው። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል ሲተረጕም አንድ ፍቺ ሰጥቶ አያበቃም። «አንድም» ይላል፤ ሁለተኛውን ያመጣል። «አንድም» ይላል፤ ሦስተኛውን ይደግማል። የሚያመነታ አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ቃሉን አክብሮ ነው። ተማሪውም ከመምህሩ ፊት የሚቀመጠው የተፈጨ እህል ሊቀበል ሳይሆን ራሱ ሊፈጭ ነው። የዛሬው መሣሪያ ግን «አንድም» ማለት አያውቅም። «ይህ ነው» ይላል፤ ያልፋል። በፈጣን ምስል የተገለጠ ግምት ከእውነት ጋር ልብሱ አንድ ነው። ለመሆኑ በዓለም ያሉ ባለሙያዎችስ ይህን ሳያውቁት ቀርተው ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የተረቀቀውና በ2009 የተሻሻለው «የለንደን ቻርተር» ቅርስን በኮምፒዩተር የሚስል ሁሉ ማስረጃውን ከግምቱ ለይቶ እንዲያሳይ ይጠይቃል። ሕጉ አለ፤ የሚያነበው ጠፋ።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ። ጎንደር ፋሲል ግቢ ገብታችሁ ስልካችሁን አንሡ። የትኛውን ጎንደር ልታዩ ነው? የዐፄ ፋሲልን? የልጃቸውን የጻድቁ ዮሐንስን? የአድያም ሰገድ ኢያሱን? የእቴጌ ምንትዋብን? ግቢው የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ነገሥታቱ እየተከታተሉ፣ አንዱ ከሌላው ጎን እየገነቡ ያቆሙት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ሰፍረውበታል፤ በሲሚንቶም ጠግነውታል። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጦርነቱ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1941 ባዘነቡት ቦምብ የኢያሱ ቤተ መንግሥት ተጎድቷል። ነዳፊው «በገናናነቱ ዘመን» ብሎ አንዱን ዓመት ሲመርጥ ሌሎቹን ሁሉ ይፍቃል። ቦምቡን ይፍቃል፤ ሲሚንቶውን ይፍቃል፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ይለስናል። ታሪክ ግን በስንጥቁ በኩል ነው የሚገባው።

በእኔ ሙያ አንድ ሕግ አለ። በሂሳብ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ምዝገባ ቢገኝ አይፋቅም፤ በላዩም አይጻፍም። በተቃራኒ ምዝገባ ይስተካከላል። ስሕተቱም ማረሚያውም፣ ሁለቱም ከነቀናቸው፣ በመዝገቡ ላይ ይኖራሉ። ኦዲተር ቢመጣ ሁለቱን ያነባል። ፍቆ የጻፈ ሠራተኛ ግን፣ ምንም እንኳ የጻፈው እውነት ቢሆን፣ ከወንበሩ ይነሣል።

ይህን ሕግ አገራችን በድንጋይ ጽፋዋለች፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ሄዳችሁ እዩ። ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የፋሽስት አገዛዛቸውን ዓመታት በአንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ሠሩት። ነፃነት ሲመለስ አባቶቻችን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ይኸው ተቃራኒ ምዝገባ! ስድቡም መልሱም በአንድ ዓምድ ላይ ይነበባል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ተደራቢ እውነታ አላየሁም፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ፀሐይ አያጠፋውም፣ ኮምፓሱ አይስትም። አሁን አንድ ነዳፊ መጥቶ ደረጃውን «እንደተሠራበት ቀን» ላሳያችሁ ብሎ አንበሳውን በስልኩ ላይ ቢያነሣው ምን አደረገ? የአባቶቻችንን መልስ ፍቆ የጠላትን ስድብ ብቻ አስቀረ። ይህንንም «ትክክለኛው ገጽታ» ሊለው ነው።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ ይከብዳል። ከሙከራው በኋላ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ነበር። ጉብኝቱ እየተወደሰ ሳለ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ ክፋትም ሳይኖርበት፣ «እንግዲህ ሰፈሩ በዲጂታል ስለተቀመጠ ጠፋ ማለት አይቻልም» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ቀዝቃዛ ውኃ የተቸለሰብኝ ያህል ደነገጥሁ። እንደዚያ ሲሆን ገና ያልፈረሰውስ? ነገ ሌላ ጥንታዊ ቤት አላፊ አግዳሚው ፊት ሲቆም «ግድ የለም፣ ቀድመን በስልክ አስቀርተነዋል» ሊባል ነውን?

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የሚያፈሱ፣ የሚያፍኑ፣ መጸዳጃቸው ለሰው የማይገባ ቤቶች ነበሩ። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ላልኖረበት ሰው የጭቃ ግድግዳ ውብ ነው። እኔ ድህነትን በቅርስ ስም ይቀመጥ የምል አይደለሁም። ክርክሬ ሌላ ነው። ቤት ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ጥያቄ ቤቱ ቆሞ ሳለ፣ በቤቱ ነዋሪ ፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው፤ የስልክ ምስል የዚያ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ምስሉ ከመልሱ በፊት ሲመጣ ጥያቄውን ያደነዝዘዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ነበር፤ የዛሬው ውሻ ግን ጅቡ ሳይመጣ በፊት የጩኸቱን ድምፅ ቀድቶ አስቀምጦ ይተኛል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልን አስቡ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ የተረፈ የእንጨትና የድንጋይ ቤት ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ተደራቢ ምስል ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው አናጺ ነው።

ከወገን የሚሰነዘረውን ተቃውሞ አልሸሽም፤ እውነትነት አለውና። ልጅነቷን በፒያሳ ያሳለፈች፣ በዋሽንግተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ለገና መጥታ ነበር። የተወለደችበትን መንገድ ለልጇ ልታሳይ ወጥታ መንገዱን አጥታው ተመለሰች። ወዳጄ ያንን የሙከራ ስልክ ሰጣት። አየችውና አለቀሰች። «አንተ በየቀኑ እያየኸው አደግህ፤ እኔ ግን ለልጄ የማሳየው አጣሁ። ይህችንም ልትነሣኝ ነው?» አለችኝ። አልነሣትም። ለተሰደደ፣ ዘግይቶ ለተወለደ፣ እግሩ ለማይሄድለት ሰው ምስል ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አስተውያለሁ። ልጇ ምስሉን አይቶ ዐሥር ሰከንድ ሳይሞላው ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እናቱ ዕንባዋን እየጠረገች «እዚህ ጋ ስሮጥ ወድቄ ጕልበቴን ተላጥኩ» ስትለው ግን ዞሮ ጕልበቷን አየ። ልጁን ያቆመው ቤቱ አልነበረም፤ ጠባሳው ነበር።

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኛላችሁ? ተቺ ሁሉ «ምን ይሁን» ሲባል ይጠፋል የሚሉትን ላሳፍር። ነዳፊዎች ሆይ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ።

ከዓይን በፊት ለጆሮ ሥሩ። በመንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ለመኪናው፣ ለተከፈተው ቱቦ፣ ከፊቱ ለሚመጣው ሰው ያስፈልገዋል፤ ጆሮው ግን ትርፍ አለው። ካናዳዊቷ አርቲስት ጃኔት ካርዲፍ እ.ኤ.አ. በ1999 በለንደን መንገዶች ላይ በድምፅ ብቻ ሰውን አንድ በአንድ እየመራች አስኪዳለች፤ ቤት አላቆመችም፤ ሰሚው ራሱ አቆመ። እኛ ዘንድ ደግሞ የነዋሪው ድምፅ ገና በሕይወት አለ። ያቺን የቅዳሴ እናት ቅዱ፤ ቦኖውን በራሳቸው አፍ ያሳዩ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ሶፍትዌሩ ግን በዐሥር ዓመት ውስጥ የተሻለ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አስቸኳዩ የትኛው እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ምስል የግድ ካስፈለገ ግምቱን እንደ ግምት ሳሉት። በማስረጃ የታወቀው ግድግዳ ይሙላ፤ ያልታወቀው በቀጭን መስመር ብቻ ይነደፍ፤ ሁለት አሳብ ካለም ጎብኚው ጣቱን ሲያሳርፍ «አንድም» ይበልና ሁለተኛው ይምጣ። ይህ ከቴክኒክ አንጻር ቀላል ነው፤ የሚከብደው አላውቅም ማለቱ ነው።

የሐዘን ስፍራን በምስል አታጨናንቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፖኬሞን ጎ የተባለው ጨዋታ በወጣ ጊዜ ሰዎች በአውሽዊትዝ መታሰቢያ ግቢ ውስጥ ሳይቀር የካርቱን አውሬ ሲያሳድዱ ተገኙ፤ የዋሽንግተኑ የሆሎኮስት ሙዚየምም ጎብኚዎቹን በግቢው እንዳይጫወቱ ለመነ። ነዳፊው ክፉ ስለነበረ አይደለም፤ ካርታው ቦታን እንጂ ሐዘንን ስለማያውቅ ነው። በየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ ስልኩ ዝም ይበል።

የሰውን እንጀራ አትዝጉ። በጎንደርም በላሊበላም በአክሱምም ታሪክ እያስጎበኙ ቤት የሚያስተዳድሩ ወጣቶች አሉ። መሣሪያው በእነርሱ እጅ ይሁን፤ በአስጎብኚው ፈንታ ሳይሆን በአስጎብኚው ኪስ ይግባ። ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፤ በርካሽ ስልክም ይክፈት፤ በአገራችን ቋንቋዎች ይናገር። ጉብኝቱም ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ማረፊያዎቹም ጥላ ባለበት ይሁኑ። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የስልክ መስተዋት የሚያሳየው የገዛ ፊታችንን ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መስተዋት ቤታችን አለን።

የቀረው የእኔ ታሪክ አጭር ነው። ከተጠየቅሁት ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ በስድሳ በስድሳ ቃል ጽፌ አስረከብሁ። ለዶሮ ማነቂያው ማረፊያ ግን የጻፍሁት እነሆ፦ «ስልክዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ። በአጠገብዎ በዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ሰላምታ ሰጥተው ‹እዚህ ምን ነበር?› ብለው ይጠይቁ። ሰው ካላገኙ ጥቂት ቆመው ይሂዱ።»

ከሳምንት በኋላ መልስ መጣልኝ። ትሕትና የተመላበት መልስ ነበር። «ጎብኚው ስልኩን ኪሱ ከከተተ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ይህ ማረፊያ በሌላ ጽሑፍ ይተካ» ይላል። አልተካሁም። ያንን ማረፊያ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ እኔም ሌሎቹን ጽሑፎች ስሜ ሳይጠራ እንዲወስዷቸው ፈቀድሁ። ወዳጄና እኔ ዛሬም ቡና እንጠጣለን፤ በዚህ ነገር ግን ገና አልታረቅንም። ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ «በስድሳ ቃል ማለት ስትችል!» ነው የሚለኝ። እንግዲያስ ለእርሱም ለእናንተም ከስድሳ ያነሰውን እነሆ ብዬ ልሰናበት። ቸር ሰንብቱ።

ቤቱን መለሳችሁ ቀለሙ እያማረ፣
በሩም በቦታው ላይ፣ ጣራውም ነበረ፤
ቦኖው ግን አይፈስም፣ ወረፋውም የለ፣
ድንኳኑን የሚተክል አንድ ሰው ጐደለ።
ጡሩንባ አይነፋበት፣ ልጅ አይሮጥበት፣
ሰው ያልሞተበትን ማን ይለዋል ቤት?
ስልኩን ወደ ኪስህ፣ ዓይንህን ወደ ሰው፤
የፈረሰን መንደር አፍ ነው የሚያድሰው።